ጉርሻ ስንት ካሎሪ ነው?

ጡንቻ ለማሳደግ የቆረጠ ሰው ዘንድሮ ከአሰልጣኙ በፊት የሚተዋወቀው ከሒሳብ ጋር ነው። ስልኩ ላይ የጫነው መተግበሪያ ዕድሜውን፣ ቁመቱንና ክብደቱን ይጠይቀውና በቀን 2,847 ካሎሪ፣ 142 ግራም ፕሮቲን፣ 79 ግራም ቅባት፣ 392 ግራም ካርቦሃይድሬት ብሎ ይፈርድበታል። ሰውየውም ፍርዱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ቤት የሚጠብቀው ግን አንድ ትሪ ነው። በትሪው ዙሪያ አምስት ሰው ተቀምጧል፤ ወጡ መሃል ላይ ፈስሷል፤ የማን ድርሻ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ድንበር የከለለ የለም። ገና ሁለት ጊዜ ሳይቆርስ ከግራ በኩል ጉርሻ ይመጣል። የጉርሻ መጠን የሚወሰነው በአጉራሹ ፍቅር ነው፤ የጎራሹን ዕቅድ የሚጠይቅ የለም። አንድ ብቻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል፤ ሁለተኛውን የተቀበለ ደግሞ ሦስተኛውን እምቢ የሚልበት አፍ የለውም፤ አፉ ሥራ ላይ ነውና። መተግበሪያው «የተመገቡትን ይምረጡ» ሲል ከሚደረድራቸው በሺህ የሚቆጠሩ ምግቦች መካከል «የአክስት ጉርሻ» የሚል አማራጭ አይገኝም።

እዚህ ላይ ከሁለት አንዱ ይከተላል። አንዳንዱ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቶ፣ ሳህኑን ለይቶ፣ ጥግ ይይዛል፤ ቤተሰቡም «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» እያለ ጠበል ስለሚወሰድበት ቀን ይመካከራል። ሌላው ስሌቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ «እኔ ያገኘሁትን እበላለሁ፤ ጡንቻው የራሱን መንገድ ይፈልግ» ይላል። ሁለቱንም ያሳታቸው አንድ እምነት ነው፤ አራቱ ቁጥሮች እኩል ክብር ይገባቸዋል፣ ወይ ሁሉም ይቆጠራሉ ወይ ሁሉም ይተዋሉ የሚል። እኔ የምከራከረው ይህ መደዳ እኩልነት አይሠራም ብዬ ነው። ከአራቱ በየቀኑ መቆጠር ያለበት ፕሮቲን ብቻ ነው። ካሎሪውን ከመብላታችን በፊት መተግበሪያ ሊወስንልን አይችልም፤ ከበላን በኋላ የሰውነት ሚዛን ይነግረናል። ቅባትና ካርቦሃይድሬት በእኛ ገበታ ላይ ዘበኛ ባይቆምባቸውም አይጠፉም። ይህ ለሰነፍ የተጻፈ የፈቃድ ወረቀት እንዳይመስል ምክንያቴን ላስረዳ።

ያቺ 2,847 ከየት መጣች? ብዙ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት ቀመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የታተመ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው)፤ የተሠራውም አሜሪካ ውስጥ በተለኩ 498 ጤነኛ ሰዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ክብደትን በ10፣ ቁመትን በ6.25 አባዝቶ ይደምራል፤ ዕድሜን በ5 አባዝቶ ይቀንሳል፤ ለወንድ 5 ይመርቃል፣ ከሴት 161 ይቆርጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ 175 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የ28 ዓመት ወጣት ቀኑን ሙሉ ጋደም ብሎ ቢውል 1,659 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ቀመሩ ጨዋ ነው። ጣጣው የሚመጣው ቀጥሎ ካለው ጥያቄ ጋር ነው፤ «ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ?» ተቀምጦ የሚውል ከሆነ ቁጥሩ በ1.2፣ መካከለኛ ከሆነ በ1.55 ይባዛል። ቢሮ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ የሚውል፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ለመያዝ የሚጋፋ፣ ሊፍቱ በተበላሸ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ የሚወጣ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ብረት የሚያነሳ ሰው የትኛው ነው? በ1.2 ሲባዛ 1,990 ገደማ፣ በ1.55 ሲባዛ 2,571 ይሆናል። ልዩነቱ 580 ካሎሪ ነው። ጡንቻ ለማሳደግ ከዕለት ፍጆታ በላይ ይጨመር የሚባለው ግን በጥቅሉ ከ250 እስከ 500 ነው። እንግዲህ አንዲት ምርጫ ላይ የተሠራች ስህተት ጭማሪውን ድራሹን ልታጠፋው ወይም ከእጥፍ በላይ ልታደርገው ትችላለች። በመቶዎች የሚሳሳት ስሌት መጨረሻ ላይ 7 ማስቀመጡ ለጌጥ ካልሆነ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

በሚበላው በኩልም ነገሩ አይጠራም። አንድ ግራም ፕሮቲንም ሆነ ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል የሚለውን ስሌት ያወረሰን ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሰዎችን አነስተኛ ክፍል በሚያክል ሣጥን ውስጥ አስገብቶ የሚወጣቸውን ሙቀት ይለካ ነበር፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያላቸው በጎ ፈቃደኞች መገኘታቸው በራሱ ይደንቃል። ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን አማካይ ናቸው። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሙሉ አልሞንድ የበላ ሰው የሚያገኘው ካሎሪ በአትዋተር ስሌት ከሚባለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ የቀረው ሳይፈጭ እንደመጣ ይሸኛል። በአሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ የተጻፈው ካሎሪ ከእውነተኛው እስከ 20 በመቶ ድረስ ቢዛነፍ ሕጉ ዐይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ግን መዝጋቢው ራሱ ነው። «ምንም ሳልበላ ነው የምወፍረው» ይሉ የነበሩ ሰዎች በ1992 በታተመ ጥናት ተፈትሸው የሚበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው እንደሚያስመዘግቡ ተደርሶበታል። እነዚያ እንኳ የየራሳቸው ሳህን የነበራቸው ናቸው፤ ጉርሻ የሚባል ነገርም አልደረሰባቸውም።

«እንግዲያው ዝም ብሎ መብላት ነዋ!» የሚል ይኖራል። በዚህ ነጥብ ላይ የጂም አንጋፋዎችና አክስቶች ፍጹም ስምምነት አላቸው፤ ብላ፣ ሳይበሉ ጡንቻ የለም። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ኩቤክ ውስጥ የተደረገውንና በ1990 የታተመውን የመንትዮች ጥናት ማስታወስ ይበቃል። 12 ጥንድ መልካቸው አንድ የሆነ ወጣት መንትዮች ለ100 ቀናት በቁጥጥር ሥር ሆነው በሳምንት ስድስት ቀን ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ካሎሪ እንዲበሉ ተደረገ። ለሁሉም እኩል ተጨመረላቸው፤ አንዱ ከ4 ኪሎ ብዙም ሳያልፍ ሲቀር ሌላው ከ13 ኪሎ በላይ ጨመረ። ወንድማማቾቹ ግን እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ነበሩ። በ1999 አሜሪካ ውስጥ 16 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ለስምንት ሳምንት ሲደረግ የተከማቸው ስብ ከግማሽ ኪሎ በታች ጀምሮ ከ4 ኪሎ በላይ ይደርስ ነበር። ያልወፈሩት ምስጢራቸው መቁነጥነጥ ሆኖ ተገኘ፤ ሲቀመጡ እግራቸውን ያወዛውዛሉ፣ ይነሳሉ፣ ይንጎራደዳሉ፣ የበሉትን ሳይታወቃቸው ይጨርሱታል። የሰውነትን ጠባይ ቁመትና ክብደት ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። እንዲያው በጅምላ መብላትም የሚያተርፈው ያው ስብ ነው። የኖርዌይ ምርጥ ስፖርተኞች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በምግብ ባለሙያ ምክር ብዙ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እንደ ፍላጎታቸው እንዲበሉ በተደረገበት ጥናት ብዙ የበሉት ስባቸው በግልጽ ሲጨምር በጡንቻ በኩል ግን ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳዩም። ጡንቻ የራሱ ፍጥነት አለው፤ ሁለት ግንበኛ ባለበት ቦታ አሥር ሲኖትራክ አሸዋ ቢደፋ ሕንፃው አይፈጥንም፤ መንገዱ ነው የሚዘጋው። በሰውነት ላይ የተዘጋው መንገድ ቦርጭ ይባላል።

ከብዛቱ ይልቅ ዓይነቱ ለምን እንደሚለይ ያሳየኝ በ2012 የታተመ የሉዊዚያና ሙከራ ነው። 25 ሰዎች ስምንት ሳምንት ሙሉ በምርምር ማዕከል ውስጥ እየኖሩ በቀን ወደ 950 የሚጠጋ ትርፍ ካሎሪ በሉ። ልዩነታቸው የፕሮቲኑ ድርሻ ነበር፤ ለአንዱ ቡድን ከጠቅላላው ካሎሪ 5 በመቶ፣ ለሁለተኛው 15፣ ለሦስተኛው 25። የስቡ ጭማሪ በሦስቱም ዘንድ ተመሳሳይ ሆነ። ከስብ ውጭ ያለው የሰውነት ክብደት ግን 15ና 25 በመቶ በበሉት ላይ ወደ 3 ኪሎ ሲጨምር፣ 5 በመቶ የበሉት ሰዎች 0.7 ኪሎ ጎደለባቸው። እየበሉ፣ ያውም ከልክ በላይ እየበሉ፣ ጎደሉ! ብረት አላነሱምና ጭማሪው ሁሉ ጡንቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ካሎሪ ሲሳሳት የሚከተለው ትንሽ ስብ ወይም ትንሽ መዘግየት ነው፤ በጥቂት ሳምንት ይታረማል። ፕሮቲን ሲጎድል ግን ትርፉ ካሎሪ የሚሠራበት ነገር የለውም። መቆጠር ያለበት ስህተቱ የሚያስከፍለው ነው፤ ቁጥር ስላለው ብቻ ሁሉ አይቆጠርም።

ታዲያ ስንት ፕሮቲን? እዚህ ላይ ማስረጃው ደግ ነው። በ2018 የታተመ አንድ ትንተና 49 ጥናቶችንና 1,863 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ ብረት በሚያነሱ ሰዎች ላይ የፕሮቲን ጥቅም በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ሲደርስ እንደሚያበቃ አሳይቷል፤ ለጥንቃቄ ከፍ የሚያደርግ እስከ 2.2 ቢሄድ አይነቀፍም። ለማንኛውም ጤነኛ አዋቂ ይበቃል የሚባለው 0.83 ነው፤ ስለዚህ ብረት አንሺው ጡንቻ ለማሳደግ የሚፈልገው ተራው ሰው ከሚፈልገው እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝነው ወጣት 112 ግራም፣ 58 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 93 ግራም። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ተቃጥሎ ጉልበት ይሆናል፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል፤ በጣሳ የሚሸጠውን ዱቄት በማንኪያ ላይ ማንኪያ የሚጨምር ሰው ሽንት ቤቱን እየመገበ ነው። ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ላይ የኖረው የግሪኩ ትግለኛ ሚሎ በቀን ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ይበላ ነበር ተብሎ ተጽፎለታል። ከዚያ ግማሹን ጉራ ነው ብለን ብንቀንስለት እንኳ 4 ኪሎ ተኩል ይቀረዋል፤ ይህም ለአንድ ሰው አይደለም ለአንድ ሙሉ ጂም የዕለት ፕሮቲን ያህላል። በነገራችን ላይ ክትፎ ጥሬ ሲሆን ይበልጥ ጡንቻ ያበቅላል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ቢበስልም ባይበስልም ፕሮቲኑ ያው ነው። ልዩነቱ ጥሬው አንዳንዴ ኮሶ የሚባል ተጨማሪ ተመጋቢ ይዞ መምጣቱ ነው፤ ለአንድ ሰው የታቀደ ምግብ ለሁለት ይካፈላል።

አሁን ወደ ትሪው እንመለስ፤ ከጋራ ትሪ ላይ ፕሮቲንን እንዴት ይቆጥሩታል? መልሱ በአፍ በኩል መቁጠርን ትቶ በድስት በኩል መቁጠር ነው። ደረቅ ምስር በ100 ግራም 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ግማሽ ኪሎ ምስር ድስት ውስጥ ከገባና አምስት ሰው ከበላው ለእያንዳንዱ 24 ግራም ደረሰው ማለት ነው። አንዱ ትንሽ ቢሻማ፣ ሌላው በጨዋነት እጁን ሰብሰብ ቢያደርግ፣ ጉርሻው ይህን ጉድለት በከፊል ያስተካክለዋል፤ ማጉረስ እኮ ጥንታዊ የእኩል አከፋፈል ሥርዓት ነው። የሽሮ ዱቄት በ100 ግራም ከ20 ግራም በላይ፣ የጤፍ ዱቄት 13 ግራም፣ ቀይ ሥጋ በጥሬው 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። ወጥ ቤት ገብቶ «ስንት ጣሳ ሽሮ ጨመራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ሊያስገምት ይችላል፤ ቢሆንም ሳህን ለይቶ ጥግ ከመያዝ ይሻላል፤ ለጠበልም አያሳጭም። ከትሪው ውጭ ያለው ደግሞ በተፈጥሮው የተቆጠረ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፤ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም ነው፤ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ 30 ግራም ካልን፣ ከ7 ግራም በላይ ነው። ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላልና ግማሽ ሊትር ወተት የወሰደ ሰው ገና ትሪው ሳይቀርብ የ112ቱን ሩብ ጨርሷል። የእንቁላል ዋጋ ከማንም ጡንቻ ቀድሞ ማደጉን አልክድም፤ ለዚያ ግን መልሱ ያው ምስርና ሽሮ ነው።

ትልቁ ተቃውሞ የሚመጣው ከዚህ ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ምእመን እንቁላሉንም ወተቱንም ሥጋውንም ትቶ እንዴት ጡንቻ ያበቅላል? ብዙ ጎረምሳ ዓቢይ ጾም ሲገባ ጂሙን ይዘጋዋል፤ የሠራው ሁሉ በ55 ቀን ቀልጦ የሚያልቅ ይመስለዋል። በ2021 የታተመ የሳኦ ፓውሎ ጥናት ይህን ፍርሃት ያቀለዋል። 19 የእንስሳት ተዋጽኦ የማይነኩና 19 ሁሉን የሚበሉ ወጣቶች 12 ሳምንት የእግር ብረት ሠሩ፤ ለሁሉም ፕሮቲኑ በኪሎ 1.6 እንዲደርስ በዱቄት ተሟላላቸው፣ ለአንዱ ወገን ከአኩሪ አተር፣ ለሌላው ከወተት። የጡንቻውም የጉልበቱም ዕድገት እኩል ወጣ። አኩሪ አተር ዱቄት ባይኖርስ? እስቲ የጾም ቀን ገበታ እንደምር። 250 ግራም የጤፍ ዱቄት የገባበት እንጀራ፣ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር፣ 100 ግራም ኦቾሎኒ፣ 100 ግራም በሶ። ፕሮቲኑ 113 ግራም አካባቢ ይመጣል። ካሎሪው፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት ሲታከልበት፣ ወደ 2,800 ይጠጋል። ይህ እንግዲህ በአጋጣሚ ያ በ1.55 የተባዛው ወጣት ከነጭማሪው የሚያስፈልገው ነው። የእህል ፕሮቲን የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ጥራጥሬው ይሞላዋል፤ እንጀራ በሽሮ የሚለውን ጋብቻ ያጋቡት ሰዎች ላይሲን የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ነው። የእጽዋት ፕሮቲን እውነተኛ ጉድለቱ ብቻውን አለመምጣቱ ነው፤ ብዙ ካሎሪ አጅቦት ይመጣል። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ይህ አጀብ ፈተና ነው። መጨመር ለሚፈልግ ሰው ግን የሚፈልገው አጀቡንም ነውና ጾም የጠላቸው ጎረምሶች ሳያውቁት የሚመቻቸውን ወቅት ነው የጠሉት። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ ስሌቱ ያለ ዓሣም ይሞላል።

«ይሁን፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ሁሉ በሁለት ማዕድ ቢበላ ሰውነቱ ከ30 ግራም በላይ ፕሮቲን በአንዴ አይቀበልም» የሚል ደግሞ ይነሳል። ይህ 30 ግራም የሚባል ድንበር በየጂሙ እንደ ሃይማኖት ይሰበካል። በ2023 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ግን ከብረት በኋላ 100 ግራም ፕሮቲን በአንዴ የወሰዱ ወጣቶች 25 ግራም ከወሰዱት ይልቅ ለረጅም ጊዜ፣ ከ12 ሰዓት በላይ፣ ለጡንቻ ሲገለገሉበት እንደቆዩ አሳይቷል። ሰውነት ትልቅ ማዕድ ሲመጣ በሩን አይዘጋም፤ ቀስ ብሎ ያስተናግዳል። ከመግሪብ እስከ ሱሁር ባለው ሰዓት ምግቡን የሚያጠቃልል የረመዳን ጾመኛም ከዚህ ግኝት ድርሻ አለው።

ስለ ካርቦሃይድሬትና ስለ ቅባት ብዙ የምለው የለኝም፤ ያነሰባቸው የእኛ ገበታ ብርቅ ነው። ቅባት ከጠቅላላው ካሎሪ ከ20 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይመከራል፤ ቅቤ ወይም ዘይት ሳይንሳፈፍበት ወጥ የማይመስለን ሰዎች ለዚህ ምክር ቀድመን ታዘናል። ካርቦሃይድሬት ብረት የሚነሳበት ነዳጅ ነው። «እንጀራ ቦርጭ ያመጣል» ብሎ እንጀራን የፈታና የተቀቀለ ዶሮ ያገባ ጎረምሳ ብዙ ነው። ጠዋት ጂም ገብቶ ሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበቱ ሲከዳው ጥፋቱን በአሰልጣኙ ላይ ያላክካል። ቦርጭ የሚያመጣው ትርፉ ነው፤ ትርፉ በእንጀራም መጣ በወጡ ዘይት፣ ሰውነት ደረሰኝ አይጠይቅም። እንዲያውም ሾላኪው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ነው፤ አንዲት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ናት፤ እንጀራው ላይ ሰምጣ አትታይም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ካሎሪ ካልተቆጠረ መብዛቱ ወይም ማነሱ በምን ይታወቃል? ሰዎች ይነግሩናል እንዳይባል የእኛ ሰው ምስክርነት አይታመንም። «ተመችቶሃል!» የሚለው ሰላምታ ለጡንቻም ለቦርጭም እኩል ይሰጣል፤ «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» የሚለው ደግሞ ከጉንፋን ለተነሳም፣ በጥረቱ ቦርጩን ላጠፋም ይባላል። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል። በየጠዋቱ ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ሳይበላ ተመዝኖ የሳምንቱን አማካይ መያዝ። አማካይ የምለው የአንድ ቀን ቁጥር ስለሚዋሽ ነው። በፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል፤ አብዛኛው ውኃ፣ ጨውና ገና በጉዞ ላይ ያለ ዶሮ ወጥ ነው። ጀማሪና መካከለኛ ብረት አንሺ በሳምንት ከክብደቱ ከ0.25 እስከ 0.5 በመቶ ቢጨምር ይበቃዋል፤ ለ70 ኪሎው ሰው ከ175 እስከ 350 ግራም ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አማካዩ ከተገተረ በቀን አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ይጨመር። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ ከሮጠ ያንኑ ያህል ይነሳ። ሚዛኑ 1.2 ይሁን 1.55 ጠይቆ አያውቅም፤ ጉርሻውን፣ የታክሲ ግፊያውን፣ የሊፍቱን ብልሽት፣ የመቁነጥነጡን ጠባይ ሁሉ በውስጡ ቆጥሮ ነው የሚመጣው።

መድረክ ላይ ወጥቶ የሚወዳደር ሰው ግራሙን ሁሉ ቢመዝን አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ደግሞ ፕሮቲኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን፤ 1.6 ለእርሱ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ለቀረው ሕዝብ የሚቀረው ሥራ ቁጥሩን በየጥቂት ወሩ ማደስ ነው። 70 የነበረው 75 ሲገባ ፕሮቲኑ 120 ግራም ይሆናል። ዓመት የሠራ ሰው ጡንቻው እንደ መጀመሪያው ወር አይፈጥንምና ጭማሪው ሰፋ ከማለት ይልቅ ጠበብ ይበል። ሚዛን የማይነግረውን አንድ ነገር ደግሞ ልብስ ሰፊ ይናገራል፤ የተጨመረው ኪሎ ትከሻ ላይ ነው ወይስ ወገብ ላይ? ከሚዛኑ ጋር በወር አንዴ ወገብን በሜትር መለካት ይህን ይፈታል። ኮቱ ከሱሪው ቀድሞ ከጠበበ ምግቡ በያዘው ይቀጥል፤ ሱሪው ከቀደመ ግን ከድስቱ ላይ የሚቀነሰው ዘይቱ ነው፣ ምስሩ አይነካ።